ገበሩ ውስጥ የቀረው ወረቀት

እማማ መርፌ የኮቴን ገበር ሲተረትሩ እኔ ቤታቸው በሸሚዝ ቁጭ ብዬ የዛሬውን ስብከቴን በልቤ እከልሳለሁ። ርዕሱ መታመን ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሽሮች ፊት መቆም አለብኝ። ሰው ፊት የሚያቆመኝ ኮት ደግሞ ይሄ አንዱ ነው፤ እሱም ብብቱ ስር ተቀዶ እጃቸው ላይ ወድቋል።

«ይሄ ቀዳዳ የዛሬ አይደለም፣ ፓስተርዬ» ይላሉ፣ በከንፈራቸው ጥግ የያዟቸውን ስፒሎች ሳያወጡ። «የደረት ኪስህም ታቹ አልቋል። ሚስትህ አላየችውም?»

«ነግራኛለች። ዛሬ ነገ ስል ነው።»

«ወንድ ሁሉ ያው ነው። ፓስተርም ሆነ ሹፌር።»

እስቃለሁ። ከምእመኖቻችን ሁሉ እንደ እሳቸው ዘና የሚያደርገኝ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ኖረው ስማቸው ራሱ እማማ መርፌ ሆኖ ቀርቷል። ዘንድሮ ግን ዓይናቸው ደክሟል፤ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ አህሏል፣ ክሩንም መርፌው ውስጥ ያስገባሁላቸው እኔ ነኝ።

ጣታቸው ገበሩ ውስጥ ይገባል፣ ይዳስሳል፣ ይቆማል።

«እዚህ ወረቀት አለ።»

በአራት የታጠፈች ትንሽ ወረቀት ያወጣሉ። ገና ሳያት እለያታለሁ። ከአራት ወር በፊት፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እማማ ያስጨበጡኝ የጸሎት ርዕሳቸው ናት። «ለብቻህ አንብባት» ብለውኝ ነበር። ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት፤ ቤት ስደርስ የለችም። እንደገና ይጻፉልኝ ማለት አሳፈረኝ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት ግን ወረቀት ከመጣል ይብሳል። መነጽራቸውን አይቼ ገመትኩ። በየእሑዱ «እማማ፣ ስለ ዓይንዎ ጠዋት ጠዋት እየጸለይኩ ነው» እላቸዋለሁ። አንድም ጠዋት አልጸለይኩም። እሳቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ተባረክ» ይሉኛል፤ እኔም ተባርኬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

«ምንድን ነው?» ወረቀቷን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተዋታል።

«ደረሰኝ ይሆናል» እላለሁ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚዋሸው፤ ለምዷል።

አውራ ጣታቸው እጥፋቱን ይዳብሳል። «ይሄ እኔ ልብስ ስቆርጥ ልክ የማወጣበት ወረቀት ነው። አስተጣጠፉም የእኔ ነው።» ወደ እኔ ይዘረጉታል። «እስቲ አንብብልኝ።»

እጥፋቱ ከመክረሙ የተነሳ ተጣብቋል፤ ጥፍሬን አስገብቼ እከፍተዋለሁ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩን ስቶ ቁልቁል ይወርዳል። አዳራሽ በሚሞላው ድምፄ ሳይሆን በሹክሹክታ አነበዋለሁ።

«‹ፓስተር፣ እህቴ በጠና ታማለች አሉ። እናታችን ለእሷ የሰጠቻትን የስፌት መኪና እኔ ወስጄባት ሰባት ዓመት ተኳርፈናል። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀድሜ እንድደውልላት ጌታ ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልይልኝ።›»

ስለ ዓይን አንድ ቃል የለም። መኪናው ይኸው ፊታቸው ተቀምጧል፤ እጅ በሚያርፍበት በኩል ቀለሙ ተልጧል።

«አላነበብኩትም ነበር» እላለሁ። «ስለ ዓይንዎ ያልኩትም ውሸት ነው። አንድ ቀንም አልጸለይኩም።»

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር። ኮቴን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መሸብሸቡን በመዳፋቸው ደጋግመው ያቃናሉ።

«እኔ ደግሞ» ይላሉ በመጨረሻ፣ «የእህቴን ነገር አንስተህ ስለማታውቅ፣ ጌታ እምቢ ብሎኛል፣ ፓስተር ሊነግረኝ ጨንቆት ነው ዓይን ዓይን የሚለው ብዬ ነበር። አራት ወር ሙሉ እምቢ የተባልኩ መስሎኝ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።»

ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እህትየዋ በሕይወት ትኑር አትኑር ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፣ ግን በምን አፌ?

«ለካ የለመነልኝም አልነበረ፣ እምቢ ያለኝም የለ» ይላሉ። ቁጣ ይሁን እፎይታ መለየት ያቅተኛል። ከመሳቢያው ውስጥ ቁጥሮቹ የተፋቁ የቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ይሰጡኛል። «እኔ ልንገርህ፣ አንተ ምታው። አይታየኝም።»

ሰባት ዓመት ያልደወሉበትን ቁጥር አንዱንም ሳይስቱ በቃላቸው ይጠሩልኛል። የምስተው እኔ ነኝ፤ አጥፍቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» ይላሉ። እኔን ያባብሉኛል።

ስልኩ ይጠራል። አሁን የምሬን ልጸልይ እሞክራለሁ፤ ከ«ጌታ ሆይ» አላልፍም። ደግሞ ይጠራል። እማማ መርፌ ስፒሎቹን ከከንፈራቸው አንድ በአንድ እያወጡ መዳፌ ላይ ያስቀምጧቸዋል።

«ሀሎ?» ይላል የደከመ የሴት ድምፅ። «ማን ልበል?»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ።

«እኔ ነኝ» ይላሉ። «መኪናሽ እኔ ጋ ነው።»

ከወዲያ በኩል ስልኩ አልተዘጋም፤ ትንፋሽ ይሰማል። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ በሌላው እጄ ስፒሎቹን ጨብጫለሁ። ይወጉኛል፣ አልለቃቸውም።