የግራው ክንፍ

ናሬል ነጩን ዱቄት ብረቱ ላይ ነፋችና ጠበቀች። ክንፉን ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር የሚያያዘው ወፍራም ብረት ነው። ቀድማ አጥባዋለች፤ ቀይ ቀለም ቀብታ መልሳ ጠርጋዋለች። ብረቱ ጤነኛ ከሆነ ዱቄቱ እንደነጣ ይቀራል። ከተሰነጠቀ ግን ውስጥ ሰርጎ የተደበቀው ቀለም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

ወጣ። ከብሎኑ ቀዳዳ ጫፍ ተነስቶ የአውራ ጣት ርዝመት ያለው ቀጭን ቀይ መስመር። ክንፉ ሥር በጀርባዋ እንደተንጋለለች፣ ባትሪዋን አብርታበት አየችው።

አባቷ ሜርቭ መጋዘኑ በር ላይ፣ የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ከኋላው የጥጥ ማሳው እስከ ወንዙ ድረስ ተዘርግቷል። ዕድሜ ልኩን ያንን ማሳና የጎረቤቶቹን ማሳ ሁሉ በዚህች አውሮፕላን የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ኖሯል። ዘንድሮ ሐኪሙ ዓይንህ ደክሟል ብሎ የበረራ ፈቃዱን ስላሳገደበት፣ ሰኞ የጎረቤት ልጅ ዳሚየን ይረከባታል። ከዚያ በፊት አንዴ እዪልኝ ብሎ ነው ናሬልን ከታምዎርዝ ከተማ የጠራት። እንጀራዋ አውሮፕላን መመርመር ነው።

"እንዴት ነች አሮጊቷ?" አለ ሜርቭ።

"አባዬ፣ ስንጥቅ አለባት።"

ሻዩን ፉት አለ። "ብሎኑን አልፏል?"

ናሬል ከክንፉ ሥር ተንፏቃ ወጣችና ቁጭ አለች። "ብሎኑ ጋ መሆኑን መቼ ነገርኩህ?"

ጣራው ቆርቆሮ ላይ በቀቀኖች ይንጫጫሉ።

"አይተኸዋል" አለችው።

"አይቼዋለሁ።"

"መቼ?"

"እናትሽን በቀበርን ሰሞን። ዘይት ስጠርግ። ያኔ የጥፍሬን ጫፍ ቢያህል ነው።"

ከዚያ ወዲህ አንድ ሙሉ የርጭት ወቅት አልፏል። ናሬል የብረትን ጠባይ ታውቃለች። በአንድ ጊዜ አይሰበርም። አውሮፕላኗ በተነሳች፣ በዞረች፣ ባረፈች ቁጥር ክንፉ በጥቂቱ ይታጠፋል፤ ስንጥቁም በዓይን የማይታይ እርምጃ ይራመዳል። መጀመሪያ ያዘግማል። ሸክሙን የሚሸከመው ደህና ብረት እያነሰ ሲሄድ ይፈጥናል። ከዚያ አንድ ቀን፣ እንደ ሌላው ቀን በሆነ መዞር ላይ፣ የቀረው እንዳለ ይበጠሳል። ይህን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ልጅ ሳለች የአጥር ሽቦ አስይዟት፣ "እጠፊው፣ መልሺው፣ አሁንም እጠፊው፣ አየሽ?" እያለ።

"እያወቅህ ስትበርባት ከረምክ?"

"ስዞር ቀስ ብዬ ነው።"

"አባዬ፣ አታሹፍብኝ።"

"እሺ" አለ። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ጫፉ ላይ ስደርስ ነው የሚከብደኝ።"

ስለ የትኛው ጫፍ እንደሚያወራ ገባት። ማሳው ጫፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ከፍ አድርጋ ትቆም የነበረችው እናቷ ኮራል ናት። የረጨውንና ያልረጨውን መስመር የሚለየው እሷን አይቶ ነበር። አውሮፕላኑ አናቷ ላይ ሊደርስ ሲል ሮጣ ወደሚቀጥለው መስመር ትሻገራለች። አንዳንዴ ግን አትደርስም ነበር፤ ፀጉሯም ልብሷም መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ ትገባለች። በመጨረሻ ሳንባዋ እምቢ አላት።

"ስንት ዘመን እላይዋ ላይ ስረጭ ኖርኩ" አለ ሜርቭ። "አሁን እዚያ ማንም የለም። እዞራለሁ። ክንፏ ሲያቃስት ይሰማኛል። በቃ፣ ዛሬ ይሁን እላለሁ። ከዚያ አውሮፕላኗ ትቃናለች፤ ይዛኝ ቤት ትገባለች።"

ናሬል እጇ ላይ የደረቀውን ቀይ ቀለም በጨርቅ ፈተገችው። አልለቀቀም።

"እና ዛሬ የጠራኸኝ ለዳሚየን ብለህ ነው።"

"ሚስቱ ልትወልድ ነው። እናቱም አለች፤ ገበያ ባገኘችኝ ቁጥር ልጄን አደራ ትለኛለች። ምን ዓይን ኖሮኝ አያታለሁ?"

"ዳሚየን እናት አለችው" አለች ናሬል። "እኔስ፣ አባዬ? እኔ አባት አልነበረኝም?"

ሜርቭ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንቺ ጠንካራ ነሽ ብዬ ነው። እናትሽን ስንቀብር እንኳ አላለቀስሽም።"

"አንተን እንዳይብስብህ ብዬ ነዋ።"

በቀቀኖቹ ተነስተው ሄደው ኖሯል።

ሜርቭ ጉልበቱን ደግፎ ተነሳ። መጥቶ ክንፉ ሥር አጎነበሰና ቀዩን መስመር በደከመ ዓይኑ ፈለገው። ሲያገኘው አልነካውም።

"ትድናለች?"

"አትድንም። ዳግመኛ አትነሳም።"

"እሺ" አለ። "ትንሽ ልቀመጥባት?"

ናሬል በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እርከኑን ረግጦ ወጣ፤ እንደ ወትሮው ሳይሆን መቀመጫው ላይ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ አረፈ። በሩን በላዩ ላይ ዘጋ።

እሷ ክንፉ ሥር ቀረች። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳረፈች። ነፋስ የለም። ሞተሩ አልተነሳም። ከላይ፣ አባቷ ከተቀመጠበትም፣ ምንም ድምፅ አይሰማም። ብረቱ ግን መዳፏ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ቆም ይላል፤ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። አልቅሶ እስኪያበቃ ድረስ እጇን አላነሳችም።