የዋሻው ጉንፋን

ከዋሻው የሌሊት ወፎች ወደ ሰው የሚሻገር ቫይረስ ከተገኘ ዋሻው ይዘጋል፤ ጎብኚ እየመሩ የሚተዳደሩት ወይዘሮ የመናሹም እንጀራቸውን ያጣሉ። ይህን ወፎቹን ሊመረምር ለመጣው ተመራማሪ ደጋግመው ከማሳሰብ አልቦዘኑም።

«የእኔ ወፎች ጨዋ ናቸው፣ ዶክተር» አሉት ባትሪያቸውን ከፍ አድርገው። «ባሌን ብትመረምረው ይሻልሃል።»

ተመራማሪው ከራስ እስከ እግሩ በመከላከያ ልብስ ተሸፍኖ፣ አንዲት የሌሊት ወፍ በጓንቱ እንደያዘ አነጠሰ።

«ይማርህ!»

ለታላቅ ሰው አፍን ሸፍኖ መመለስ ነውር መሰለውና ጭምብሉን ዝቅ አደረገ። «ያኑርዎት፣ እትዬ» ከማለቱ ሁለተኛው ማስነጠስ ተከተለ። ይቅርታ ጠይቆ ጭምብሉን መለሰና ከወፏ አፍ ናሙና ወሰደ።

ላቦራቶሪው በወፎቹ ላይ ብዙ ዓይነት ቫይረስ አገኘ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ከሌሊት ወፍ የማያልፉ ነበሩ፤ ያ አንዱ ግን ሰውንም የሚይዝ ነው። ተመራማሪው እያዘነ ደወለ።

«እትዬ፣ ዋሻው መዘጋቱ አይቀርም።»

«ወፎቼን ያስያዛቸው ቢኖር ነው እንጂ!» ብለው ጆሮው ላይ ዘጉበት።

የቫይረሱን መነሻ ለማወቅ በዚያ ሰሞን ወደ ዋሻው የገባ ሁሉ ተመረመረ። ወይዘሮ የመናሹ ነጻ ሆኑ፤ ጎብኚዎቹም እንዲሁ። ያው ቫይረስ የተገኘው በአንድ ናሙና ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተመራማሪው በደንቡ መሠረት ወደ ዋሻው ከመግባቱ በፊት ከገዛ ጉሮሮው የሰጠው ነበር።

ዋሻው ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ነው። እንዳይገባ የታገደው አንድ ሰው ብቻ ነው።