የተገዛው ደጃዝማች

ዘር በአፍ መቆጠሩ ቀርቶ በታተመ የቤተሰብ መጽሐፍ ብቻ የሚቆጠርበት ዘመን ነው። መጽሐፉ ላይ የሌለ አያት አልተወለደም፤ ያለው ግን ተገዝቶም ቢሆን አያት ነው።

ለውዳላት ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የጋብቻ መዝጋቢው ማሽን የሁለቱን ሙሽሮች ቤት መጽሐፍ አገላብጦ «በአራት ቤት ዘመዳሞች ናችሁ፤ መጋባት አትችሉም» አለ። ለካ ሁለቱ አባቶች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ከአንድ መጽሐፍ አዘጋጅ ያንኑ አንድ ደጃዝማች ለአያትነት ገዝተው ኖሯል። የደጃዝማቹ በቅሎ ስም እንኳ አንድ ነው።

«አባባ፣ አያትዎ ሸማኔ እንደነበሩ አገር ያውቃል» አለች ውዳላት። «እሳቸውን ወደ መጽሐፉ ይመልሷቸውና ልዳር!»

«የሸማኔ ዘር ልታሰኚኝ?» አሉ አባቷ አቶ ጓንጉል፣ ቱግ ብለው።

«ታዲያ ይህን የለበሱትን ጋቢ ማን ሸመነው? ደጃዝማቹ?»

አቶ ጓንጉል ከአያታቸው የወረሱትን ጋቢ ጥብቅ አድርገው ተከናነቡ። «ልጄ፣ ባል ሞልቷል። ደጃዝማች ግን ከየት ይመጣል?»

በማግስቱ የሙሽራው አባት ከተፍ አሉ። ውዳላት ሰርጉን ሊያድኑ የመጡ መስሏት በሩን በደስታ ከፈተችላቸው። ሁለቱ አባቶች ግን አንገት ለአንገት ተናንቀው፣ «የአጥንቴ ፍላጭ፣ የሥጋዬ ቁራጭ! ይህን ሁሉ ዘመን የት ጠፍተህብኝ ነው?» ተባባሉ።