ጊዜ የሚፈጀው ጥርስ

ዘይባ የፊት ጥርሶቿ ከረገፉ ቆይቷል። ሳቅ ሲመጣባት የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ቆጮውን ለሌላው ትታ አይቡን ትበላለች። ለምዳው ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰችው ሳዑዲ ያለችው ልጇ ፈቲሀ ናት።

«እማ፣ ጥርስሽን ካላሠራሽ አልመጣም» አለቻት አባቷ ሱቅ ደውላ። «አፍሽን ሳትሸፍኚ ስትስቂ ማየት እፈልጋለሁ።»

ዘይባም እሺ አለች። ጥርሱ የደረሰ ቀን ፈቲሀ ትመጣለች፤ ውላቸው ይኸው ነው። ያን ጊዜ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ከሳዑዲ የተባረረው ሰው በአውሮፕላን እየተጫነ ሲገባ የቡታጅራ እናቶች ደጅ ደጁን ሲያዩ ከርመዋል። ፈቲሀ ግን የመኖሪያ ወረቀት ስላላት ማንም አልነካትም። ስትሄድ የሻንጣዋ እጀታ ተቀዶ ነበርና ዘይባ በአረንጓዴ ክር ሰፍታ ነው የሸኘቻት።

ባሏ ሰይዶ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እጁ አይፈታም። ለሚስቱ ጫማ ከመግዛቱ በፊት የአሮጌውን ሶል አገላብጦ የሚመረምር ሰው ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለና፣ በማግስቱ ለጥርሷ ወልቂጤ እንሂድ አላት። ቡታጅራ ሐኪም ጠፍቶ ነው ወይ ብትለው የወልቂጤው ይሻላል አላት።

ዶክተር ቃለአብ ሁለት መንገድ እንዳለ ነገራቸው። አንደኛው የሚወልቀው ጥርስ ነው፤ ልኩ ተወስዶ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ማታ አውልቆ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሌላው አጥንት ውስጥ በብሎን የሚተከለው ነው፤ አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ወራት ይጠበቃል። ዘይባ ስኳር ስላለባት ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፣ የሚወልቀው ይሻላታል አለ።

«ጊዜ የሚፈጀው የቱ ነው?» አለ ሰይዶ።

«የሚተከለው።»

«እንግዲያው እሱ ይሁን።»

ዘይባ ጆሮዋን አላመነችም። ሰይዶና ውድ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው የተዋደዱት?

ብሎኑ ከመግባቱ በፊት የቀሩት ሥሮች መነቀል፣ ስኳሯም መውረድ ነበረበት። ስለዚህ በየሳምንቱ ወልቂጤ ይመላለሱ ጀመር። ሰይዶ እሷን ክሊኒክ ያስቀምጥና ይጠፋል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ጫት እንዳይባል ጫት አይቅምም። የት ነበርክ ስትለው ዕቃ ዋጋ ልጠይቅ ሄጄ ነው ይላል።

ጎረቤቱም ተለወጠ። ከዚህ በፊት ጨው እንኳ ስታበድር ፊቷን የምታጠቁረው ሳሌሃ አሁን ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ዘይባ ስትገባ ወሬ ይቆማል። እሷም አልጠፋትም፤ ባል ሌላ ሲያይ አገር ሰምቶ ነው ሚስት የምትሰማው። ሰይዶን ስለ ፈቲሀ ስትጠይቀው እንኳ፣ ሱቅ ደውላ ነበር፣ ሰላም ብላሻለች ይልና ፊቱን ያዞራል።

አንድ ቀን አልቻለችም። ጥጡን እንደነከሰች ከክሊኒኩ ወጥታ ተከተለችው። ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ የቆርቆሮ በር አንኳኳ። የፈቲሀ እኩያ የምትሆን መልከ መልካም ልጅ ከፈተች። ሰይዶ ራሷን ደረቱ ላይ አስደግፎ ፀጉሯን ዳበሰ።

ዘይባ እዚያው አጥር ተደግፋ ቆመች። ልጁ የምትሆነውን! ደሟ ፈላ፤ አልጮኸችም እንጂ። ቀድማው ክሊኒክ ተመልሳ ጠበቀችው።

በማግስቱ ሱቅ ብቅ ስትል ሰይዶ ከደንበኛ ጋር ሲስቅ አገኘችው።

«ደስ ብሎሃል» አለችው።

«ጥርስ ባዳ ነው» አላት።

በድዷ የቀለደባት መሰላት። ይህ ከሁሉ በለጠባት።

በሳምንቱ ብቻዋን ወልቂጤ ሄደችና ዶክተሩን የሚወልቀውን ሥራልኝ አለችው። ሐሳቧ ቀላል ነው፦ ጥርሱ ቶሎ ይደርሳል፣ ፈቲሀ ቶሎ ትመጣለች፣ አባቷን ልክ ታስገባዋለች። ይህ ሁሉ ወራት የተፈለገው ለዚያች ልጅ መመላለሻ እንደሆነ አሁን ገብቷታል።

ጥርሱ የደረሰ ቀን ሰይዶን እራት ላይ ጠብቃ ሻርፗን ገለጠች።

«ይኸው። አሁን ለፈቲሀ ደውልልኝ።»

ሰይዶ ጥርሶቹን አየ። የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ ሀጂ ሙባሪክ ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ዘይባ በልቧ ሳቀች፤ ጨነቀው፣ ሽማግሌ ሊለምን ሄደ አለች።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሀጂ ሙባሪክ ጋቢ ለብሰው ከፊት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ሳሌሃና የሰፈሩ ሴቶች። ለሁለተኛ ሚስት ፈቃድ ሊጠይቁኝ ነው፣ ድፍረታቸው! አለች ዘይባ። የምትመልሰውን ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው። እንዳልተሸነፈች እንዲያዩላት አፏን ሳትሸፍን በአዲሱ ጥርስ ፈገግ አለችላቸው።

ሴቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። የወልቂጤዋ ልጅ ከመሃላቸው ወጣች። እጀታው በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ሻንጣ ይዛለች።

«ጥርሱን አውልቂው፣ ዘይባ» አላት ሰይዶ። «ይህች ሳዑዲ ከፈቲሀ ጋር የኖረች ናት። ፈቲሀን እዚያው የቀበሯት ገና ወልቂጤ መመላለስ ሳንጀምር ነው።»