አደራ፣ ለልጄ እንዳትነግሪያት

ነርሷ ከአንገት እስከ እግር የሚሸፍነውን ልብስ ለብሳ፣ ጭምብሏን አጥብቃ፣ የፊት መከለያውን ስትደርብበት ከዓይኖቿ በቀር የሚታይ ነገር አልቀራትም። ወደ ክፍሉ ገብታ የኦክስጅኑን ቱቦ ስታስተካክል የተኙት እናቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ አላወቋትም።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉ ትንፋሽ እየቆራረጣቸው። «እንዳንቺው እዚህ የምትሠራ ልጅ አለችኝ። ከጠየቀችሽ ደህና ናቸው በያት። እሷ ፊት ጀግና ነኝ፤ እውነቱን ከፈለግሽ ግን ፍርሃት አንጀቴን እየበላው ነው። አደራ፣ እንዳትነግሪያት።»

ነርሷ «እሺ» ብላ ልትወጣ ነበር። ስንቱን በሽተኛ «አይዞዎት» ሲል የከረመ አንደበቷ ግን እምቢ አላት። ትንፋሿ መከለያውን አደበዘዘው፤ ልታወልቀው አትችል ነገር፣ በጓንቱ እንዳለች የእናቷን እጅ ያዘችና ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። እኔም ፈርቻለሁ።»

እናትየው ዓይን ዓይኗን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እንደ ምንም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«በይ ቁጭ በይ» አሉ። «ለየብቻ ከምንፈራ አብረን እንፍራ።»