ከዓዲ ጓዕዳድ አቅጣጫ

ታጋይዋ ሰገን መሰዋቷ ከነጻነት በኋላ ለወላጆቿ ሲነገር እናቷ ኣኽበረት አልጋ ያዘች። የሰገንን አባት ተስፋልደትን ከሐዘኑ ለማዘናጋት ጓደኛው ማትያስ አንቴናው በዞረበት አቅጣጫ ብቻ የሚያነጋግረውን የማይክሮዌቭ ሬዲዮ ያስተምረው ጀመር። ሁለት መሣሪያ ሠሩ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ማይ ጭሆት ሰፈር ካለው የተስፋልደት ቤት ጣራ ላይ ወጥተው የአንዱን አንቴና ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው መንደር ወደ ዓዲ ጓዕዳድ አዞሩት።

«ሁለተኛውን ይዤ እዚያ እስክደርስ ምንም አትሰማም» አለ ማትያስ። «በዚህ ሞገድ የሚያወራ ሌላ ሰው የለም።»

ተስፋልደት ለመለማመድ ያህል ተጣራ። «የሚሰማኝ አለ?»

«እወ፣ አቦይ።»

ለአባቷ አዎ ብሎ የመለሰው የሰገን ድምፅ ነበር። ማትያስ ገና ያልተከፈተውን ሁለተኛውን መሣሪያ እንዳቀፈ ቁጭ አለ።

«ጓለይ፣ ልጄ!» አለ ተስፋልደት እንባው እየወረደ። «እናትሽ ታች ተኝታለች፤ ቆይ ልጥራት!»

«ተዋት፣ አቦይ። አሁን እኔ ጋ ደረሰች።»