እስከ ገበያው ድረስ

ከመንገዱ ዳር የደከመ እልልታ ሲሰማ ልጅቱ በቅሎዋ ላይ ሆና ፊቷን በነጠላ ሸፍና ነበር፤ አቧራውን ፈርታ። እልል ያለችው፣ ደሴ እህል ይታደላል ሲባል ሰምታ ልጇን አዝላ የምትሄድ መንገደኛ ናት። "እሰይ! በዚህ ክፉ ቀንም ሙሽራ አለ ለካ!" አለች። "ውለጂ ክበጂ፣ እመቤቴ ትከተልሽ!"

ልጅቱ በቅሎዋን የሚስበው አባቷ እውነቱን እስኪናገር ጠበቀች። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዙላትም። ጧት ጧት አባቷ በቅሎዋ ላይ አውጥቶ በደጁ ሲያዞራት ብቻ ነበር የታሰረ ወገቧ የሚፍታታው፣ ጉልበቷም የሚለሰልሰው። ሰው ቀና ብሎ የሚያያትም ያኔ ብቻ ነበር። አሁን ጎተራው ከተራገፈ ወር አልፎታል፤ በቅሎዋም ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ትሸጣለች። "እስከ ገበያው ድረስ ልቀመጥባት" ብላ የለመነችው እሷው ናት። ሲመለሱ አባቷ ያዝላታል።

"አሜን፣ አሜን" አለ አባቷ።

"ሚዜዎቹስ?" አለች ሴትዮዋ።

"ከፊት ቀድመዋል።"

ልጅቱ ነጠላዋን ሙሽራ እንደምታደርገው እስከ አገጯ ድረስ ሳበችው። ሴትዮዋ ርቃ ከሄደችም በኋላ አልገለጠችውም። መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ በቅሎዋ እንደ ልማዷ ወደ አቋራጩ አዘመመች። አባቷ ልጓሙን ይዞ ወደ ዙሪያ ጥምጥሙ መንገድ መለሳት።

"ሙሽራ በአቋራጭ አይወሰድም" አለ፣ ዞር ብሎ ሳያያት።